እማ ካልተነሳች ሞተሩ አይታይም

ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ በራችን ላይ ቆመ። በስልክ ሦስት ቀን ሲነዘንዘኝ የከረመ ሰው ነው። «እህቴ፣ መኪናዋን በዓይኔ ልያት፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለ። ማየት አይከለከልም ብዬ ከፈትኩለት።

መጀመሪያ ዞራት። ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገ። ደላላ ሁሉ ጎማ በእርግጫ ለምን እንደሚመታ እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ «ኮፈኑን ክፈቺልኝ» አለ። ከፈትኩለት። ጎንበስ አለ። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ አለ።

«ሞተሩስ?»

እውነቱን ልናገርና ይቺን ጥያቄ ለመስማት ስል ኮፈኑን ለጠየቀኝ ሁሉ እከፍታለሁ። ራዲያተር አለ። ዲናሞ አለ። የመሪ ፓምፕ አለ። ሞተር ግን የለም።

«ሞተሩማ እዚያ ነው» ብዬ በጣቴ ወደ ፊት ወንበር አሳየሁት። ወንበሩ ላይ እናቴ ተቀምጣለች። ሻርፗን ተከናንባ ሙሰበሃዋን ትቆጥራለች።

«የት?»

«ከእማ ሥር።»

ሰውዬው እማን አየ። እማም አየችው። «እማ፣ እስኪ አንዴ ተነሺልኝ፤ ሞተሩን ይይ» አልኳት። «ምነው፣ ሞተር አይቶ አያውቅም?» አለች። አልተነሳችም። ደላላው ለእሁድ ገዢውን ራሱን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

መኪናዋ ቶዮታ ፕሬቪያ ናት፤ የ1994 ሥሪት። ጃፓኖች ኤስቲማ ይሏታል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ስሟ ታራጎ ነው። የእኛ ሰፈር ልጆች እንቁላሏ ይሏታል፤ እውነትም ከየትም ብትታይ ማዕዘን የላትም። ሰባት ሰው ትይዛለች። የውጭ ሰው ቢቆጥራት ማለቴ ነው። የእኛን ቆጠራ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ያመጣት አጎቴ ነው። በሚሌኒየሙ ሰሞን፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲገባ። ዴንቨር ነበር የሚኖረው። ዴንቨር በረዶ አለ፤ ከፍታውም ወደ 1,600 ሜትር ነው። ስለዚህ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት የቤተሰብ መኪና ገዝቶ ነበር። «ዴንቨር ላይ ያልለገመች ደሴ ላይ አትለግምም» ይል ነበር። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጋ ስትመጣ ኮምቦልቻ ወርደን ተቀበልናት። አቧራ ለብሳ ነጭ ትሁን ቡናማ አትለይም ነበር። አጎቴ ከአምስት ዓመት በኋላ ዓይኑ ደከመና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ለወንዶቹ የወንድሜ ልጆች አለመስጠቱ ቤተሰቡ ውስጥ ትንሽ አስኮርፏል። አልፏል።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ኮምቦልቻ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ በየቀኑ እወጣለሁ። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው መንገዱ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ጠዋት ጃኬት ደርቤ እወጣለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቱ ከኋላ ወንበር ላይ ይጣላል። ማታ ሐረጎን ጨርሰን ጉሙ ውስጥ ስንገባ ሁሉም ሰው ጃኬቱን ይፈልጋል።

አሁን ስለዚያ ሞተር። አራት ፒስቶን ያለው፣ 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። ቀጥ ብሎ አልቆመም። 75 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሟል። 90 ቢሆን ጭራሽ ተኛ ማለት ነው። እንዲህ አጋድመው ከፊት ወንበሮች ሥር ሸጎጡት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ክብደቱ መኪናዋ ወገብ ላይ ይሆናል፣ አፍንጫዋም ታጥራለች። ካንዴላ ለመቀየር ወንበሩን ታነሳለህ፤ ምንጣፉን ትገልጣለህ፤ ክዳኑን ትፈታለህ። ያኔ ሞተሩ ታመው እንደተኙ ሰው ሆኖ ይታይሃል። ዲናሞው፣ የኤሲው ኮምፕረሰር፣ የመሪ ፓምፑና ፋኑ ግን አፍንጫዋ ላይ ቀሩ። ታዲያ ማን ያዙራቸው? ከሞተሩ ወደ ፊት አንድ ረጅም ዘንግ ዘርግተውላቸዋል። ዘንጉ ሲዞር ሁሉም ይዞራሉ።

ዘንጉ ሲቆምም ሁሉም ይቆማሉ። ይሄን የተማርኩት ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ከሥራ ስመለስ ነው። መጀመሪያ ከእግሬ ሥር ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ መሪው ድንገት ድንጋይ ሆነ። የባትሪው ቀይ መብራት በራ። ሙቀት መቁጠሪያዋ ሽቅብ ጀመረች። ሦስት የተለያየ በሽታ በአንድ ደቂቃ! ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። አንድ የጭነት ሹፌር ቆመልኝና ኮፈኑን ከፍቶ እንደ ደላላው ሞተሩን ፈለገ። ሲያጣው «እህቴ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አለኝ። አልተቀየምኩትም።

ለካስ የዘንጉ ጫፍ ላይ ንዝረት የምትቀንስ የጎማ ማያያዣ ነበረች፤ እሷ ተበጥሳለች። መካኒኬ ኮምቦልቻ ነው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ በጉብዝናቸው አሰብ ወደብ የሠሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። የተበጠሰችውን ጎማ በሁለት ጣታቸው ይዘው ብዙ አዩዋት። አሸተቷት። ጎማ ያሸታል እንዴ ሰው? «ይቺ አዲስ አበባም አትገኝ» አሉ። ከዚያ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ጎን ቆርጠው፣ በቢላ ጠርበው፣ አራት ቀዳዳ በስተው አዲስ ሠሩላት። ለአንድ ወር እንኳ ከያዘች ብለው ነበር። አራት ወር ያዘች። የኋላ ኋላ ትክክለኛዋን ዴንቨር ያለው የአጎቴ ልጅ በሰው ላከልን። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሽቶ መላክ ካቆመ ቆየ። ማያያዣ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ነው የሚልከው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ፎር ዊሏ ነው። «ማንሻው የታለ?» ይላሉ። ማንሻ የለም። ማስገባት ማውጣት የለም። ሁልጊዜ አለች። ጉልበቱን የሚያካፍለው አንድ የታሸገ ጣሳ መሳይ ነገር ነው። ውስጡ ስስ የብረት ሳህኖች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አለ። ገሚሶቹ ሳህኖች ከኋላ ጎማ ጋር ይዞራሉ፤ ገሚሶቹ ከፊት ጋር። እኩል ከዞሩ ሰላም ነው። የኋላው ጭቃ ላይ ከተንሸራተተ ግን የሳህኖቹ ፍጥነት ይለያያል። ፈሳሹ ይታሻል፤ ይሞቃል፤ ይይዛል። ያኔ ጉልበቱ ወደ ፊት ጎማም ይሄዳል።

ክፍል ውስጥ ይሄን በገንፎ ነው የማስረዳው። ገንፎ ያማሰለ ያውቀዋል። ማማሰያውን ቀስ ስታደርገው ይታዘዝሃል፤ በአንዴ ልፍጠን ስትል ክንድህን ይይዝሃል። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ቅቤ ከገባበትስ?» ብሎኝ ክፍሉ ተረበሸ።

ጥቅሟን ያየሁት ክረምት ላይ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጠፍጣፋ ቦታ የሚባል ነገር እምብዛም የላትም። የእኛ ቤት ኮብልስቶኑ አልቆ አፈር የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዳገቱ ሳሙና ይሆናል። ጎረቤታችን አውቶሞቢሉን ታች አስፋልት ላይ አቁሞ ጫማውን በእጁ ይዞ ይወጣል። እኔ እሱንም ጭኜው እወጣለሁ። አንዴ የኋላ ጎማዋ ፉት ብላ ትሽከረከራለች፤ ከዚያ የሆነ ነገር ከፊት ያዝ ያደርጋታል፤ ትወጣለች። ያቺን «ያዝ» የምታደርግበትን ሰዓት እወዳታለሁ። እጄ ላይ ትታወቀኛለች።

በዚህ የተነሳ መኪናዋ ሳትመዘገብ የቅሬያችን አባል ሆነች። (ለወሎ ሰው አይነገርም፤ ለሌላው ግን ቅሬ ማለት ዕድር በሉት።) ነገሩ የጀመረው ኩታበር ለቅሶ በሄድን ጊዜ ነው። ነሐሴ ነበር። ከአስፋልቱ ወርደን ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ የጭቃ መንገድ ነበረብን። ከፊታችን አንድ ፒካፕ ተቀርቅሮ ሰዎች ድንጋይ ያቀብላሉ። እኔ ስድስት ሴቶች፣ ሁለት ትልልቅ ድስትና አንድ ጆንያ ስኳር ጭኛለሁ። በጎን በኩል በሣሩ ላይ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ሴቶቹ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ ማርሹን ዝቅ አድርጌ ነዳጁን ሳላበዛ እገፋለሁ። ስናልፍ እልል ሊሉ ነበር፤ ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ቀን ወዲህ የድንኳን ቋሚ፣ ድስት፣ የሩቅ ለቀስተኛ፣ ሁሉም የእንቁላሏ ሥራ ነው። እምቢ ማለት አይቻልም። ቅሬን እምቢ ብሎ ማን ይቀብረኛል?

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ሰው እንዳይሳሳት። ፎር ዊል ሆድን ከፍ አያደርግም። የእሷ ሆድ ዝቅ ያለ ነው። እዚያው ኩታበር ስመለስ ሣር ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ ሆዷን መታት። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ደሴ እስክንደርስ ዘይት እየፈሰሰ ይሆን እያልኩ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ወርጄ ተንበርክኬ አየሁ። ደህና ነበረች።

ሁለተኛ ስህተቴ ጎማ ላይ ነው። አንድ ዓመት ገንዘብ አጠረኝና ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ገዛሁ። ጎሚስታው «ፊት እናድርጋቸው፤ መሪ ላይ ይሻላሉ» አለ። አደረግን። በሦስተኛው ቀን ፒያሳ ላይ መኪናዋን ላዞር መሪ ስጠመዝዝ ገትር ገትር አለች። እንደማትነዳ ጊደር እግሯን ተከለች። ምንድን ነው ብዬ ሳስበው በራሴ አፈርኩ። አዲስ ጎማ ካረጀው ይወፍራል፤ ስለዚህ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚዞረው ዙር ያንሳል። ፊትና ኋላ ቀኑን ሙሉ በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ። ጣሳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጭቃ ያለ መስሎት ቀኑን ሙሉ ይታሻል፤ ይሞቃል፤ ይይዛል። ጭቃ ግን የለም። ይሄን ለተማሪ የማስተምረው ሴትዮ ነኝ! አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። የቀሩትን ሁለቱን ለመግዛት ከባንክ ቤት ሠራተኛው ወንድሜ ተበደርኩ። ጣሳው ሳይቃጠል ደረስኩበት።

ትልቁ ግን ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሆነው ነው። መኪናዋን በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት ነበር። መስከረም ውስጥ፣ ጠዋት፣ ጉም። ልጆቼ ከኋላ ነበሩ። ፎር ዊል ነው የያዝኩት ብዬ ልቤ ሞልቷል። ማርሿ ራሷ የምትቀይር ናት፤ እንዳለች ተውኳትና በፍሬን ብቻ ወረድኩ። ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። ልጄ «እማዬ፣ የሆነ ሰው ቆሻሻ እያቃጠለ ነው» አለች። የሆነው ሰው እኔ ነበርኩ። ቀጥሎ ፔዳሉ ልስልስ አለ፤ ስረግጠው ወደ ታች ሄደልኝ። ማርሹን ሁለት ላይ ጎተትኩት። ሞተሩ ጮኸ። ከዚያ ወደ መጨረሻው። ሞተሩ ከእማ ወንበር ሥር አጓራ፤ መኪናዋ ግን ቀዝቀዝ አለች። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያደረግኩ ጥግ ያዝኩ። ወርጄ ጎማውን ሳየው ጉሙ ላይ ጭስ ይተናል። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።

አራቱም ጎማ መጎተቱ ለመውጣት ነው። ለማቆም ምንም አይጨምርም። ለማቆም እማ፣ ልጆቹ፣ ድስቱና የመኪናዋ የራሷ ክብደት ሁሉም በአንድ ላይ ፍሬኑ ላይ ናቸው። አሁን ከሐረጎ አናት ጀምሬ ሁለተኛ ላይ አደርጋታለሁ። ከኋላዬ የሚመጡት ሚኒባሶች ጡሩንባ ይነፋሉ። ይንፉ።

ለነገሩ ቀርፋፋነቷ ሁልጊዜ የእኔ ጥፋት አይደለም። መጽሐፏ 138 የፈረስ ጉልበት ይላል። ይሄ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ስል ጣናን አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ደሴ ላይ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ከመቶ ብዙም የማይዘል ፈረስ ነው የቀረኝ። የተቀሩት ሠላሳ ምናምኑ ጉሙ ውስጥ የት እንደገቡ አላህ ይወቅ።

ፍጥነት መቁጠሪያዋ ደግሞ በማይል ነው። ኪሎ ሜትሩ ከሥር በደቃቅ ቁጥር ተጽፏል፤ መነጽር ላላደረገ ሰው ግን የለም። ባለቤቴ አንዴ ከሐይቅ ስንመለስ «ስድሳ ላይ እኮ ነኝ» እያለ ሲነዳ ዝም አልኩት። ስድሳ ማይል ወደ 97 ኪሎ ሜትር ነው። ለምን ዛፉ እንዲህ እንደሚሮጥ ግራ ገብቶት ነበር። ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ ቀይ ቀለም ገዝቶ ኪሎ ሜትሩን በራሱ እጅ ጻፈበት። ጽሑፉ ያምራል ማለት አልችልም።

ስለ 2014 ብዙ መጻፍ አልፈልግም። የደሴ ሰው የሆነ ሁሉ የራሱ አለው። ጥቅምት ውስጥ በጦርነቱ ከተማዋ ስትለቀቅ እኛም ወጣን። የሰባት ሰው መኪና ያልኳችሁ አሥራ አራት ያዘች። የኋለኛው ወንበር ለሁለት ተከፍሎ ወደ ግድግዳው የሚታጠፍ ነው። አጠፍነውና ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፈን ደብረ ብርሃን። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኛ ሁለት ቀን ፈጀ። መንገዱ ሙሉ በእግር የሚሄድ ሰው ነበር። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የጎረቤታችን የአራት ወር ሕፃን እማ ጭን ላይ ነበር። ጣርማበር ዳገት ላይ ሌሊት ብርዱ ሲጠና ሕፃኑ አላለቀሰም። ከሥራቸው ሞተሩ ወለሉን አሙቆት ነበር።

እማና ያ ወንበር የተሳሰሩት ግን ከዚያ በፊት ነው። እናቴ ቁርጥማት አለባት። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉልበት ውስጥ ገብቶ ያድራል። መኪናዋ አሥር ደቂቃ ከሄደች በኋላ ከፊት ወንበር ሥር ያለው ወለል ለብ ይላል። ሌላ ሰው ይሄን እንከን ይለዋል። ኮምቦልቻ ላይ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ እኔም እንከን እለዋለሁ፤ ጫማዬን አውልቄ የምነዳበት ቀን አለ። እማ ግን መድኃኒት አድርጋዋለች። ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ሳሞቅ ሻርፗን ተከናንባ ትመጣና በሩን ትከፍታለች። የትም አንሄድም። ትቀመጣለች። «ሞቀ ወይ?» ትላለች። «ቆይ ትንሽ» እላታለሁ። ቤንዚኑ በከንቱ ነው የሚሄደው። አስታውሳታለሁ፤ «አብሽሪ፣ ከሐኪም ቤት ይረክሳል» ትለኛለች። ሒሳቡን ሠርቼው ልክ ናት።

ታዲያ ለምን ልትሸጪ አሰብሽ ትሉኝ ይሆናል። ቤንዚን ነዋ። በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር፤ ጭቃና ዳገት ሲበዛ ስድስት። ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ በወር ሲደመር ደሞዜ ላይ ጥሎ የሚተወው ነገር የለም። በሌላ በኩል ዋጋዋ ጨምሯል። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ሲወጣ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት የማይታሰብ ሆነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ድንገት ተፈላጊ ሆነ። ደላላው የጠራልኝን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። ባለቤቴ ያነባል።

እሁድ ገዢው መጣ። የኮምቦልቻ ሰው ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሰርቪስ ሊያደርጋት ነው የሚፈልጋት። ትሑት ሰው ነው፤ ጎማ አልመታም። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ አለ። ሲራመድ አንድ እግሩን ትንሽ ይጎትታል።

እማ እንደተለመደው ወንበሯ ላይ ናት። የዚያን ቀን ግን ለብሳ ነው፤ ኩታበር ለቅሶ አለ። የቅሬው ድስት ከኋላ ተጭኗል።

«እማ፣ ሰውዬው ሞተሩን ይይና እንሄዳለን» አልኳት።

«አረፈድን እኮ። ይግባና ስንመለስ ያየዋል።»

«እናቴ፣ እኔ ችግር የለብኝም» አለ ሰውዬው። ገባ። ደላላውም ገባ። አንዱ ድስቱን ታቀፈ፣ አንዱ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ሄድን። ቦሩ ሜዳ ላይ ሜዳው በነፋስ ይታጠባል፤ መስታወት ሁሉ ተዘጋ። ገዢው ጉልበቱን በእጁ ያሻል። እማ በመስታወቱ ታየዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ያምሃል እንዴ?»

«ብርዱ ነው እናቴ። ሹፌርነት ነው። የፍሬን እግሬ ነው።»

ዝም አለች። እስከ ኩታበር ሌላ ቃል አልተናገረችም። ለቅሶ ደረስን፤ ንፍሮ ቀመስን፤ ድስቱን አወረድን። ገዢው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጦ ዱዓ አደረገ። ልንመለስ ስንል ወደ መኪናዋ ስሄድ እማ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

«ና ፊት ግባ» አለችው ሰውዬውን። «አሥር ደቂቃ ታገሥ፤ ከዚያ ይሞቅልሃል።»

ገባ። ቦሩ ሜዳ ሳንደርስ ጫማውን ፈታ አደረገ። ደሴ ስንገባ ደላላው ከኋላ «ታዲያ ሞተሩን እንየው?» አለ። ገዢው ዓይኑን ጨፍኗል። እጁን ብቻ አነሳና፣ ቆይ ትንሽ፣ የሚል ምልክት አሳየው።